ከስድስት ሁለት

በከተማችን አንድ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ሰዎች ለዘጠና ቀን ይጫወቱታል። አሠራሩ ከተጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የኮምቦልቻ ነዋሪ በሳምንት አንድ ቀን በየሕንጻው ምድር ቤት አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ሦስት አራት ሆኖ ጠረጴዛ ይይዛል፤ የሰው ካርድ ይደርሰዋል፤ ለሁለት ሰዓት ያንን ሰው ይሆናል። ካርዱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና ጎረቤት ተጽፏል። አጫዋቹ የቀኑን ሁኔታ ያነባል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ዳይስ ይጣላል። ማን ምን እንዳደረገ ይመዘገባል። መጀመሪያ በስክሪን ተሞክሮ ነበር፤ አልሠራም። ሰው ስክሪን ፊት ሲቀመጥ እንደሚታይ ያስታውሳል። ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ይረሳል።

ባለፈው ዓመት የውኃ ፈረቃ መመሪያ የወደቀው በዚህ መንገድ ነው። በሁሉም ጠረጴዛዎች ማለት ይቻላል፣ ተጫዋቾች በአሥራ አንደኛው ቀን የጎረቤታቸውን ውኃ ሰረቁ። መመሪያ የሚያወጣው የከተማው ቢሮ ሰረዘው። ተጫዋቾቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

እኔ የምሠራው የጨዋታው ሕግ በሚጻፍበት ክፍል ነው። ስታትስቲክስ ተምሬ በተመረቅሁ በዓመቱ ተቀጠርኩ። በመጋቢት መጀመሪያ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ሁለት ዳይስና አንድ ከረጢት የልብስ መቆንጠጫ አስቀመጡ።

"ትህትና፣ ምዕራፍ አራት ያንቺ ነው። ተላላፊ በሽታ" አሉኝ። "ማንበብ የሚሰለቸው ሰው እንኳ በአንድ ጊዜ እንዲገባው አድርገሽ ጻፊው።"

"መቆንጠጫው ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ባለቤቴ ልትጥለው ስትል ቀማኋት። አንድ ነገር ታደርጊበታለሽ።"

አደረግሁበት። በሽታውን ማስተዋወቅ አላስፈለገኝም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቢሮው በፊደልና በቁጥር ይጠራዋል። ሰዉ ሰባት ይለዋል፤ ትኩሳቱ ለቀቀ ከተባለ በኋላ በሰባተኛው ቀን ስለሚመለስ። በጨዋታዬ የታመመ ሰው ካርድ ጠርዝ ላይ መቆንጠጫ ይደረጋል። አንድ መቆንጠጫ ሲሆን ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። ሁለት ሲሆን ጠዋት በሩ ላይ ባለው መመርመሪያ ሲተነፍስ ቀይ ይበራል። ሦስት ሲሆን መኪናው መጥቶ ወደ ማቆያ ይወስደዋል። አምስት ሲሞላ ካርዱ ይገለበጣል። ማቆያ የገባ ሰው የሚወጣው አርባ ቀን ያለ ትኩሳት ሲቆይ ነው፤ ትኩሳቱ ከተመለሰ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ይህን የመጨረሻውን ከራሴ አላመጣሁትም። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለው ማቆያ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ጠያቂ አይገባም። ቤተሰብ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ አንድ መስመር መልእክት ይደርሰዋል፦ "ሁኔታው የተረጋጋ ነው።"

ሕጉን የምሞክረው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በአሥራ አራተኛው ሕንጻ አዳራሽ ነበር። አጫዋቿ እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። ጋሽ ጥጋቡ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሀያት ከሕንጻው ሥር ፀጉር ቤት አላት፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሦስተኛዋ እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በክር ፋብሪካ ሠርተዋል። ባለቤታቸው አቶ ይማም ከታኅሣሥ ጀምሮ ማቆያ ናቸው። ትኩሳታቸው ሦስት ጊዜ ተመልሶ ቆጠራው ሦስት ጊዜ ከአንድ ጀምሯል። ይህን የነገረችኝ ሀያት ናት። ጠረጴዛው ላይ ስለ አቶ ይማም አይወራም።

በመጀመሪያው ቀን የሀያት ካርድ ሦስተኛ መቆንጠጫ ደረሰበት። ካርዱ ፋንታዬ የሚባል የአርባ ዓመት መምህር ነው።

"ፋንታዬ ማቆያ ገብቷል" ብዬ አነበብኩ። "ቀጣዩ ቀን ነጋ። የት ትሄዳላችሁ?"

"ፋንታዬ ጋ" አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

በጨዋታ የተከለከለ ነገር የለም። ክልከላ ካለ ሰው ምን ሊያደርግ እንደነበር አይታወቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም ነገር የምንጽፈው የሚያስከትለውን ብቻ ነው። "ማቆያ መግባት ዳይስ ያስጥላል" አልኳቸው። "ገበያ ከሄዱ ግን ዳይስ የለም፤ እህልም ያገኛሉ።"

"ሰው ተኝቶ ገበያ ልሂድ? ምን ይሉኛል?"

"ማን?"

"እሷ ናታ።" ወደ ሀያት ጠቆሙ።

"እኔ ታምሜ ተኝቻለሁ ጋሽ ጥጋቡ" አለች ሀያት። "አላይዎትም።"

"ስትነሺ ይነግሩሻል።"

እትዬ ዘይነባም ፋንታዬ ጋ ሄዱ። በሦስተኛው ዙር ሁሉም ሰው ታመመ፤ ጨዋታው አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት የጥየቃውን አደጋ ከፍ አደረግሁት። ጋሽ ጥጋቡ ሕጉን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"'በአንድ ጥየቃ አንድ ዳይስ' ይላል።"

"አዎ።"

"እንግዲያው አብረን እንግባ። ሦስት ሰው፣ አንድ ጥየቃ፣ አንድ ዳይስ።"

ስህተቱ የኔ ነበር። ሕጉን ስጽፍ ሰው ብቻውን ታማሚ እንደሚጠይቅ አድርጌ አስቤያለሁ። በየሰው አንድ ዳይስ ብዬ አስተካከልኩት። በቀጣዩ ሐሙስ የሀያት ካርድ ሁለተኛ መቆንጠጫ ሲደርስበት ካርዱን አንስታ ከጭኗ ሥር አስገባችው።

"ፋንታዬ የት ሄደ?" አልኩ።

"ደሴ። እህቱ ጋ።"

"መቼ?"

"ማታ ነው የሄደው" አሉ እትዬ ዘይነባ። ጋሽ ጥጋቡ ጣሪያውን ያያሉ።

በሌሎቹ የሙከራ ጠረጴዛዎችም ተመሳሳይ ነገር ተመዘገበ። ከአርባ ጠረጴዛ በሃያ ሦስቱ ተጫዋቾች የታመመ ካርድ ደብቀዋል፤ በኪስ፣ በሻርፕ ውስጥ፣ በአንደኛው ጠረጴዛ ደግሞ በጫማ። ሕጉ በጠበቀ ቁጥር የሚደበቀው ይበዛል። የተደበቀው ካርድ በአማካይ አራት ሌሎች ካርዶችን ያሳምማል። ሪፖርቱን ስጽፍ በሕንጻችን ደረጃ የማልፋቸውን የተዘጉ በሮች መቁጠር ጀመርኩ። አንዳንዱ ሰው ደሴ ከሄደ ስድስት ሳምንት ሆኖታል።

ወኪል የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ሀያት ካርዷን ወደ ጭኗ ስትወስድ በዓይናቸው አስቆሟት።

"ተዪው። ይውጣ። አንድ ሰው ለሁላችን ይገባለታል።"

"ሕጉ ውስጥ የለም" አልኩ።

"አሁን ጻፊው።"

አደጋውን ለጊዜው ከስድስት አንድ ብዬ ጻፍኩ። ዳይሱ አንድ ካወጣ ወኪሉ ታመመ ማለት ነው። እትዬ ዘይነባ ካርዳቸውን ወስደው ከፋንታዬ ካርድ አጠገብ አስቀመጡ። ወንበራቸውንም አስጠጉ።

"ጥጋቡ እግዜር ይማርህ ብሎሃል" አሉ። "ሀያት አላህ ያሽርህ ብላለች። መምጣት አልሆንላቸው ብሎ ነው፤ እንዳትቀየማቸው። ሐሙስ ዕለት ዘንቦ ነበር፤ ቦርከና ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረው። የበረንዳው በር አሁንም አልተሠራም። አናጢው ነገ ነገ ይላል፤ አንተ ብትኖር ትሰድበው ነበር። እኔ መስደብ አልችልበትም።"

ፋንታዬ መምህር ነው። ካርዱ ላይ በረንዳ የለም። ሀያት ዓይኗን ወደ ጥፍሮቿ መለሰች። ጋሽ ጥጋቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በሩን እኔ እሠራዋለሁ፤ እንዳታስብ በይው" አሉ።

"ጥጋቡ እሠራዋለሁ ብሏል" አሉ እትዬ ዘይነባ ለካርዱ። "እስቲ እናያለን።"

ወኪል ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሲወጣ የተደበቁት ካርዶች ከሃያ ሦስት ወደ ስድስት ወረዱ። ሰዎች ጠያቂ እንደሚገባ ካወቁ የታመመባቸውን ይናገራሉ። አቶ ምንተስኖት ወረቀቱን ይዘው ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮው የላይኛው ፎቅ ወጡ፤ በሁለተኛው ጊዜ ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። መመሪያ ሊሆን ይችላል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ያ ለጊዜው የጻፍኩት ቁጥር በእውነተኛው መተካት አለበት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከጨዋታ ስንወጣ እትዬ ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። እንደ ደንቡ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆምን።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጸድቃል?"

"አላውቅም እትዬ።"

"ምን ቀረው?"

"አንድ ቁጥር።"

"ትልቅ ነው ትንሽ?"

"ገና አላየሁትም።"

ቦርሳቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ትንሽ አድርጊልኝ አልልሽም። ለሌላውም ሰው ነው የምትጽፊው። ብቻ ፍጠኚ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ልየው።"

ቁጥሩን ያገኘሁት ከማቆያው ሠራተኞች የጤና መዝገብ ነው። ጭንብል አድርገው ከአልጋ አጠገብ አንድ ሰዓት የቆዩ ሰዎችን ለየሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ከስድስት ሁለት ነው። በሌላ መንገድ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው።

አቶ ምንተስኖት ወረቀቱን አይተው መልሰው ሰጡኝ።

"አንዱን ለምን አትተዪውም?"

"እሱ ለሙከራ ነው። ከራሴ ነው ያመጣሁት።"

"ሰው ለምዶታል። በሁለት ካደረግሽው ተጫዋቾቹ ይፈራሉ፤ ወኪል የሚሆን ይጠፋል፤ መመሪያው ይወድቃል። ከወደቀ ማቆያ ማንም አይገባም። አንድም ሰው። ይገባሻል?"

"ይገባኛል።"

"ታዲያ?"

"ሁለት ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ስታፍሪ ነው የማውቅሽ። ስትከራከሪ አላውቅሽም።"

"አልተከራከርኩም" አልኩ።

ሁለት ብለን ላክነው። የማጠቃለያው ጨዋታ ከዘጠናው ቀን በኋላ በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በከተማው በተመረጡ መቶ ሃያ ጠረጴዛዎች ተካሄደ። እኔ የራሴን ጠረጴዛ አጫወትኩ። የጋሽ ጥጋቡ ካርድ ማቆያ ገባ። ዳይሱ አንድ ወይም ሁለት ካወጣ ወኪሉ እንደሚታመም ጮክ ብዬ አነበብኩ። እትዬ ዘይነባ ካርዳቸውን አስጠጉ፤ ሰላምታውን አደረሱ፤ ዳይሱን ጣሉ። አምስት ወጣ።

"ወኪሏ አልታመመችም። ወደ ቤቷ ትመለሳለች" ብዬ አነበብኩ።

ካርዱን አላነሱትም።

"እትዬ፣ ይመለሳሉ።"

"የት ነው የምመለሰው?"

"ቤትዎ። አምስት ነው የወጣው።"

"ዛሬ ነው አምስት። በሰባተኛው ቀን ምን እንደሚወጣ በምን አውቃለሁ? ይዤው ሀያት ልጆች ወዳሉበት ደረጃ ልውጣ?" ካርዳቸውን ከጋሽ ጥጋቡ ካርድ ጋር አስተካከሉት። "እዚሁ እቆያለሁ። እሱ ሲወጣ እወጣለሁ።"

"እኔም ብሆን አልመለስም" አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

"እርስዎማ የታመሙት እርስዎ ነዎት" አለች ሀያት። "ዝም ብለው ይተኙ።"

መዝገቡ ላይ "ወኪሏ አልተመለሰችም" ብዬ ጻፍኩ። የሌሎቹ ጠረጴዛዎች መዝገብ ሰኞ ሲሰበሰብ ወኪል የጠፋባቸው ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ሁለት የሚለው ቁጥር ያስፈራቸው ሰዎች እንደጠበቅነው አልበዙም። በዘጠና አንዱ ጠረጴዛ ደግሞ ወኪሉ ማንም ሳይጠይቀው ማቆያው ውስጥ ቀርቷል። ሕጉ ውጣ ይላል፤ ተጫዋቾቹ አይወጡም።

መመሪያው በሰኔ ሃያ ጸደቀ። አምስት አንቀጽ ነው። አንቀጽ ሁለት ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ ወኪል ይፈቅዳል። አንቀጽ ሦስት ወኪሉ ከመግባቱ በፊት አደጋው ከስድስት ሁለት መሆኑ እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ አራት የገባ ወኪል ታማሚው እስኪወጣ ድረስ እንደማይወጣ ይደነግጋል። ግርጌው ላይ "ከነዋሪዎች ጨዋታ በተገኘ ውጤት መሠረት" ተብሏል።

አንቀጽ ሦስትና አራትን ጎን ለጎን ሳነባቸው አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ መቀመጫዬን የከበበው መስታወት በትንፋሼ ደበዘዘ። ቁጥሩ የአንድ ሰዓት ነው። ስሌቱን ስሠራ ወኪሉ ገብቶ ይወጣል ብዬ ነው። ለሚቆይ ሰው አላሰላሁም። ያን ዕለት አሰላሁት። ረጅም ሥራ አልነበረም።

አቶ ምንተስኖት ቆመው አዳመጡኝ። ወረቀቱን ሲያዩ ተቀመጡ።

"ይህን በማጠቃለያው ጨዋታ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አላሰብኩትም ነበር። ይቆያሉ ብዬ አልጠበቅሁም።"

"እኔም አልጠበቅሁም።" ግንባራቸውን አሻሹ። "ጸድቋል እኮ። ማሻሻያ ማቅረብ እንችላለን።"

"እናቅርብ።"

"እናቀርባለን። ማሻሻያውን ለዘጠና ቀን ይጫወቱታል።"

የማሻሻያውን ጥያቄ በዚያው ቀን አስገባን። ማቆያው ለወኪሎች የተከፈተው በማግሥቱ ጠዋት ነው።

ከድልድዩ ማዶ ስደርስ ሁለት ሰዓት አልሞላም። አሥራ ሁለት ሰዎች በሁለት እርምጃ ርቀት ተሰልፈዋል። መሬቱ ላይ ቢጫ ነጥቦች ተቀብተዋል። እትዬ ዘይነባ የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነበሩ። አንድ ሻንጣ ይዘዋል፤ ነጠላቸው አዲስ ነው። በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ከወረቀት ታነባለች።

"የአደጋው መጠን ከስድስት ሁለት መሆኑ ተነግሮኛል የሚለው ላይ ይፈርሙ።"

እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ጠራኋቸው። ዞር አሉ።

"ትህትና? አንቺ ማን አለብሽ እዚህ?"

"ማንም የለብኝም። አይፈርሙ። ማለቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት።" ከሰልፉ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ሠራተኛዋ ወደ ኋላ እንድል በእጇ አሳየችኝ፤ አንድ እርምጃ ተመለስኩ። "ቁጥሩ የአንድ ሰዓት ነው እትዬ። ገብቶ ለሚወጣ ሰው ነው የጻፍኩት። እርስዎ ግን ይቆያሉ። ለሚቆይ ሰው አስልቼዋለሁ።"

"ስንት ሆነ?"

"ስድስቱም።"

ሠራተኛዋ ወረቀቷን ተመለከተች። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ አይልም።

እትዬ ዘይነባ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቆዩ። ከማቆያው ግቢ የሆነ ሰው ሲያስል ተሰማ፤ ጆሯቸውን ወደዚያ አቀኑ፤ የሚያውቁት ሰው ሳል አልነበረም መሰለኝ፤ ወደ እኔ ተመለሱ።

"ስድስቱም ከሆነ ዳይስ መጣል አያስፈልግም" አሉ።

"ማሻሻያ አስገብተናል። ዘጠና ቀን ቢታገሡ።"

"ዘጠና ቀን።" ሳቅ ያሉ መሰለኝ። "አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ። ሄደሽ ቁርስ ብዪ።"

ፈረሙ። ሠራተኛዋ ሻንጣቸውን ፈትሻ አንድ የፀጉር ማበጠሪያ አውጥታ አየችና መልሳ ከተተችው። በሩ ተከፈተ። ሲገቡ ወደ ኋላ አላዩም፤ ሻንጣው ከባድ ስለነበረ አንዱ ትከሻቸው ዘንበል ብሎ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ቆሟል። በሕይወቴ የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ አናግሬ አላውቅም። ወደ እሱ ሄጄ ቁጥሩን ነገርኩት። ከዚያ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ላለችው ሴት ነገርኳት። ከዚያ ለቀጣዩ። አንዲት አሮጊት ስላልሰሙኝ ጮኬ ደገምኩት። ሠራተኛዋ ነገሩን የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለ ወረቀቷን አገላብጣ አረጋገጠች።

ከአሥራ አንዱ ሰዎች ሦስቱ ከሰልፉ ወጡ። ድልድዩን ሲሻገሩ አየኋቸው፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንደጠበቁ ነበር። ከሦስቱ አንዱ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው፣ ድልድዩ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና ከኋላው የነበሩትን ቦታውን እንዲመልሱለት ጠየቃቸው። መለሱለት።